በሶብላ በስምንተኛው ፎቅ

ከአሌክሳንድሪያ ተነሥታችሁ፣ በዚህ የሥራ መውጫ ሰዓት ከቤልትዌዩ ጋር ታግላችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ለደረሳችሁ ምስጋናዬ ድርብ ነው። ከቅርብ የመጣችሁትም ፓርኪንግ ፍለጋ ፌንተን ጎዳናን ስንት ጊዜ እንደዞራችሁት አውቃለሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ትንሽ ነው። ጓሮ የሌለው፣ አፓርትመንት ውስጥ የሚኖር፣ ከዚህ በፊት ምንም ተክሎ የማያውቅ ሰው በአንድ መደርደሪያ ላይ በሶብላና ጤና አዳም እንዴት ያበቅላል? በሴሚነሪ ጎዳና በኩል ሳውዘርን ታወርስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ስንቱ ሀበሻ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ጆርጂያ አቬኑ ላይም እንደዚያው ነው። መሬት የለንም። ግን መሬት ማጣት ያን ያህል እንቅፋት አይደለም፤ አንድ ሁለት ማሰሮ የሚሞላ አፈር በጥቂት ዶላር ይገዛል።

ብዙ ሰው ሲጀምር አፈር ይገዛል፣ የሚያምር ማሰሮ ይገዛል፣ ዘር ከአገር ያስመጣል። ተክሉ በወሩ ሲሞትበት «እኔ እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ ይተዋል። እጁ ምንም አላጠፋም። ቤቱ ጨለማ ነው። የዛሬውን ንግግሬን በሙሉ ብትረሱት እንኳ ይቺን አትርሷት፦ ገንዘባችሁን መጀመሪያ መብራት ላይ አውሉት።

«ቤቴ ብሩህ ነው» የምትሉ አላችሁ። ዓይን ያታልላል። ብርሃን ሲያንስ ዓይናችን ራሱን ያሰፋና ልዩነቱን ይሸፍንብናል። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ በቀትር፣ ሜዳ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ መጽሐፍ እያነበባችሁ ያለው ብርሃን ግን በመቶዎች ቢቆጠር ነው። እኛ ከሜዳው ወደ ሳሎኑ ስንገባ ትንሽ ደብዘዝ እንዳለ ብቻ ይሰማናል፤ ተክሉ ግን ረኃብ ላይ ወድቋል፤ ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነውና። ሉክስ የሚለካ አፕ በስልካችሁ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ለኛ ሥራ ይበቃል። ስልክ ካስቸገረ ነጭ ወረቀት ተክሉ በሚቆምበት ቦታ አንጥፉና እጃችሁን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጠርዙ ተለይቶ፣ ጠቁሮ ከታየ ብርሃኑ ደህና ነው። ጥላው ካለ ግን ጣት ከጣት ካልተለየ መካከለኛ ነው። እጃችሁ ወረቀቱ ላይ መኖሩ ካልታወቀ እዚያ ቦታ ፎቶ ስቀሉበት እንጂ በሶብላ አትትከሉበት።

አሁን ደግሞ ወቅቱን ጨምሩበት። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ከወቅት ወቅት ብዙ አይለዋወጥም፤ ሲያጥር ከ11 ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል፣ ሲረዝም 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። እዚህ በጁን ወደ 15 ሰዓት የሚጠጋው ቀን በዲሴምበር ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። በአሜሪካኑ ሰዓት 5 ሳይሞላ ይመሻል። ያቺ አጭር ቀን ራሷ ደካማ ናት፤ በዲሴምበር ማለቂያ የዋሽንግተን ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። መስኮታችሁ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ ክረምቱን በሙሉ ፀሐይ አይገባበትም። ወደ ደቡብ ካየና ፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ ካልቆመ ዕድለኞች ናችሁ፤ ያም ሆኖ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ለበሶብላ አይበቃም።

ስለ ቀን ርዝመት ካነሣሁ አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ የሆነው እዚሁ አጠገባችን ስለሆነ። ከፖቶማክ ማዶ፣ ከአርሊንግተን መካነ መቃብር ሥር፣ ዛሬ ፔንታጎን ባለበት አካባቢ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አንድ የሙከራ እርሻ ነበረው። እዚያ ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የትምባሆ ዓይነት ግራ አጋባቸው፤ ስሙ ሜሪላንድ ማሞዝ ይባላል። በጋውን በሙሉ ቁመቱን ይመዛል፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ይደርባል፣ አበባ ግን የለም። ወደ ግሪን ሀውስ ሲወሰድ በክረምት ያብባል። ሙቀቱን ጠረጠሩ፣ እርጥበቱን ጠረጠሩ፣ ማዳበሪያውን ጠረጠሩ። በ1918 እ.ኤ.አ. በጋ ላይ ቀላል ነገር ሞከሩ፦ ማሰሮዎቹን ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ክፍል እያስገቡ፣ ጧት እያወጡ፣ ቀኑን አሳጠሩባቸው። አበቡ። ተክል የቀንና የሌሊትን ርዝመት ለይቶ አበባ የሚያወጣበትን ጊዜ እንደሚወስን ዓለም የተረዳው በ1920 ካወጡት ከዚያ ጽሑፍ ነው።

ቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ ለሲልቨር ስፕሪንግ ይቀርባል፤ ቤልትስቪል። እዚያ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል በ1952 ቦርትዊክ፣ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው የሰላጣ ዘር ላይ ቀይ ብርሃን ሲያበሩበት እንደሚበቅል፣ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይናችን በቅጡ የማያየውን ብርሃን ሲያበሩበት እንደሚተኛ አሳዩ። መልሰው ቀዩን ሲያበሩ እንደገና ይነቃል። ወሳኙ የመጨረሻው ብርሃን ነው። ከዚህ ለእኛ የሚተርፈን ጥቅም ይህ ነው፦ ሰላጣ ስትዘሩ አፈር አታልብሱት፤ ላዩ ላይ በትናችሁ ጫን ጫን አድርጉት። የበሶብላም ዘር ደቃቅ ነው፤ ስስ አፈር ብታለብሱት ይበቃዋል። አንድ ጣት ቀብሮ «ዘሩ ውሸት ነው» የሚል ሰው ብዙ አውቃለሁ።

ወደ ግዢው እንግባ። ባለ ሽቦ መደርደሪያ፣ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ርዝመት ያለው፤ ሆም ዲፖም ኮስትኮም አይጠፋም። እሱ ላይ የሚንጠለጠል ባለ አራት ጫማ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት፣ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ የሚሰቅሉት ዓይነት። ለአንድ እርከን ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ካርቶኑ ላይ ዴይላይት የሚለውን ወይም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን የሚለውን አንሡ። «የተክል መብራት» ተብሎ ሐምራዊ ብርሃን የሚረጨውን እኔ አልመክርም። ይሠራል፤ አይሠራም አላልኩም። ግን ሳሎናችሁን የሌሊት ክበብ ያደርገዋል፣ በዚያ ብርሃን ላይ ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ መሆኑን አታዩም። ነጩ ብርሃን ቀዩንም ሰማያዊውንም በውስጡ ይዟል።

መብራቱ በሰንሰለት ይንጠልጠል፤ ከችግኙ አናት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ችግኙ ሲያድግ ሰንሰለቱን ሳቡት። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መብራት ለተክል ምንም ነው፤ ብርሃንን ርቀት ይገድለዋል። ቅጠሎቹ ላይ ከ12,000 እስከ 15,000 ሉክስ ካገኛችሁ ሸጋ ነው። ከፀሐይዋ ያነሰ ነው፣ አዎ፤ ስለዚህ በሰዓት ብዛት ታካክሱታላችሁ። በታይመር 16 ሰዓት ይብራ፣ 8 ሰዓት ይጥፋ። ታይመሩን አትዝለሉት፤ እኔ አበራለሁ አጠፋለሁ የሚል ሰው ሁለት ፈረቃ ሲሠራ ይረሳዋል። በሶብላችሁ ቅጠል ብቻ እያበዛ አበባ ካስቸገረ ታይመሩን ወደ 12 ሰዓት አውርዳችሁ ሞክሩ፤ የአገሩን ቀን መስጠት ማለት ነው፣ የሚያስወጣችሁም ነገር የለም።

የመብራት ሂሳብ የሚያስፈራችሁ፦ ሁለት ባለ 40 ዋት መብራት 16 ሰዓት ቢበራ በቀን 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 20 ሳንቲም ብንይዝ በወር ወደ 8 ዶላር ይመጣል። የመብራት ኩባንያው እዚህ ፔፕኮ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ዶሚኒየን፤ የራሳችሁን ቢል አይታችሁ አስሉት። ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ይውጣ፤ ውኃ ቢንጠባጠብ ወደ ሶኬቱ ሳይሆን ወደ ወለሉ እንዲሄድ። ከማሰሮው ሥር ትሪ ይኑር፤ ስምንተኛ ፎቅ ላይ የፈሰሰ ውኃ የሰባተኛው ፎቅ ጠብ ነው።

ድንኳን ግዙ የሚል ምክርም ትሰማላችሁ፤ ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ ዚፕ ያለው። ከኋላ የሳቃችሁት ልጆች ለምን እንደሳቃችሁ ገብቶኛል። ዕቃው እንዲህ በርካሽ የተገኘው በዚያ ተክል ምክንያት እንደሆነ አልክድም። ስለተነሣ ሳልሸፋፍን ልናገር፣ ወላጆችም ስሙ። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1፣ 2021 ጀምሮ በአንድ ቤት እስከ አራት፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 1፣ 2023 ጀምሮ በአንድ ቤት እስከ ሁለት የካናቢስ ተክል ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ፈቅደዋል። ይህ የስቴት ሕግ ነው። የግሪን ካርድና የዜግነት ጉዳይ የሚታየው ግን በፌዴራል ሕግ ነው፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት የመልካም ጠባይ መስፈርቱን ሊያሰናክል እንደሚችል ግልጽ አድርጓል። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ለሁለት ማሰሮ ብሎ ወረቀቱን አያስይዝ። ጫት የሚያስብም ካለ፣ ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ተርታ ነው። ለበሶብላ ግን ድንኳን አያስፈልግም፤ መደርደሪያው ይበቃል።

ታዲያ ምን እንትከል? የኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ሱቅ ላይ እርጥቡ የማይገኘውን። ጎመን ቤት ውስጥ አታልሙ። የኛ ጎመን ጎበዝ ተክል ነው፤ ዘይቱ ዛሬ ለአውሮፕላን ነዳጅ ይፈለጋል፣ በኦክቶበር 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከዚሁ ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በርሯል። ግን ቁመቱ ከመደርደሪያው ያልፋል፣ ጎኑም ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ኮላርድ ግሪን ደግሞ በየግሮሰሪው ተከምሯል። የጥብስ ቅጠልም ከዘር አትጀምሩ፤ ይዘገያል፣ ብዙውም አይበቅልም። ከሰው ቅርንጫፍ ለምናችሁ ሥር አስይዙት። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፤ ለባለ ጓሮ ተውለት።

በሶብላ ግን ለመደርደሪያ የተፈጠረ ነው። ደረቁ በየሀበሻ ሱቁ በፌስታል አለ፣ እርጥቡን ፈልጉ ብትባሉ ግን ትደክማላችሁ። እዚያው ፌስታል ውስጥ ዘሩም አለ፤ የደረቀውን አበባ በመዳፋችሁ አሻሽታችሁ እፍ ስትሉት ደቃቅ ጥቁር ፍሬ ይቀራል። ይበቅላል ወይ? አንዳንዱ ይበቅላል፤ ከርሞ ወይም ሙቀት ነክቶት የሞተም አለ። አሥር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጋችሁ ፈትኑት። ውኃ በነካው በደቂቃዎች ውስጥ ዙሪያውን ግራጫ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ በዚህ አትደሰቱ፣ የሞተ ፍሬም ያወጣል። ነጭ ሥር ብቅ ማለቱን ጠብቁ፤ ክፍሉ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ነው። ከአሥሩ አራት ከበቀለላችሁ ዘራችሁ ደህና ነው።

ሲበቅል ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ብርሃን የጎደለው የበሶብላ ችግኝ ግንዱ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ይነጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክብ ቅጠሎችና በሚቀጥሉት መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ አንገቱን ወደ መስኮቱ ይደፋል። ባለቤቱ ቁመቱን አይቶ «እንዴት ተመነደገልኝ!» ይላል። በሳምንቱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይጠወልግና ይተኛል። ጤነኛው አጭር፣ ወፍራም፣ ግንዱ ሐምራዊ ነገር የሚልበት፣ ቅጠሉ ተጠጋግቶ የተደራረበ ነው። ትንሽ የጠረጴዛ ማራገቢያ በቀን ጥቂት ሰዓት ብታስነሡበት ግንዱ ይጠነክራል፣ ሻጋታም ይርቀዋል። ለቅቤና ለሽሮ የሚፈለገው አበባው ስለሆነ እንደ ጣሊያኑ ባዚል አናቱን ደጋግማችሁ አትቅጩት፤ አንዴ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ቀንጥሱት፣ ከዚያ ይተው። ሲያብብ ከነግንዱ ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት።

ጤና አዳም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል፣ አፈሩን ቆፍራችሁ አትፈትሹት። ከበቀለ በኋላ ግን የዋህ ተክል ነው፣ ድርቅ ይችላል። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያቋጥራል፤ በተለይ በበጋ ሲከረከም ጓንት አድርጉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ከቡናውም ከሻዩም ታርቀው። ኮሰረት ከዘር ይልቅ ከቅርንጫፍ ነው የሚቀጥለው፤ ያለውን ሰው ፈልጉ፣ ያላችሁም አትሰስቱ።

ዘር ከአገር ለማምጣት ለምታስቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ ሲያሳርፋችሁ ከሻንጣችሁ ጋር የግብርና ተቆጣጣሪ ይጠብቃችኋል። ለመትከል የሚመጣ ዘር ከላኪው አገር የዕፀዋት ጤና ሰርተፍኬት ይፈልጋል፤ ወይም ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አስቀድሞ የሚወጣ የአነስተኛ ዘር ፈቃድ አለ፦ አንዱ ፓኬት ከ50 ፍሬ ወይም ከ10 ግራም እንዳይበልጥ፣ በአንድ ጭነት ከ50 ፓኬት እንዳያልፍ። በዚህ ፈቃድ የማይገቡ የዘር ዓይነቶችም ስላሉ ዝርዝሩን አይታችሁ ላኩ። ከነአፈሩ የተነቀለ ችግኝ ፈጽሞ አይታሰብም። ያላችሁን ሁሉ ፎርሙ ላይ አሳውቁ፤ አሳውቆ የተወሰደበት ሰው ዘሩን ነው የሚያጣው፣ ደብቆ የተያዘ ገንዘብም ይቀጣል።

አፈርና ውኃን ባጭሩ። ከሰፈር የተቆፈረ አፈር ቤት አታስገቡ፤ ማሰሮ ውስጥ ይጠነክራል፣ ተባይ ይዞ ይመጣል። ለዘር መጀመሪያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል ድብልቅ ግዙ፣ ነጯን ፐርላይት ጨምሩበት። ማሰሮ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ የእርጎ ባልዲ ሥሩን ከበሳችሁት ከብዙ ማሰሮ ይበልጣል። ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ግን ለጌጥ ነው። የቡና አተላ የምትደፉ እናቶች፣ ልማዱ ከጓሮ የመጣ ነው፤ ቤት ውስጥ ይሻግታል፣ ይተው።

ተክል በቤት ውስጥ ከጥማት ይልቅ በውኃ ብዛት ይሞታል። «በየስንት ቀኑ ላጠጣ?» ለሚለው መልስ የለኝም፤ ባልዲውን አንሡት። ቀልሎ ከተነሣ አጠጡ፣ ከከበደ ተዉት። ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ላይ ብር ሲሉ ካያችሁ ውኃ በዝቷል ማለት ነው፤ ላዩ እስኪደርቅ ታገሡ፣ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ሰኩበት፣ ከታች ከትሪው አጠጡ። ክረምት ላይ ሂተሩ አየሩን ያደርቀዋል፤ መደርደሪያውን ከሂተሩ አፍ ፊት አታቁሙት። መስኮት ሥርም ሌሊት ላይ ብርዱ ይገባል፣ በሶብላ ከ10 ዲግሪ በታች አይወድም።

ያልገባችሁን የሚመልስላችሁ ሰውም አለ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን የአትክልት ጥያቄ በኢንተርኔት በነፃ ይቀበላል፤ የታመመውን ቅጠል ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ቨርጂኒያም የራሱ ኤክስቴንሽን አለው። እንግሊዝኛው ያስቸገራቸው እናቶች ካሉ ልጆቻቸው ይጻፉላቸው፤ ለልጁም ከስልክ ጌም የተሻለ ሥራ ነው።

ይኸው መደርደሪያ በማርች ሌላ ጥቅም አለው። ቃሪያ ወደ ውጭ ከመውጣቱ ስምንት ሳምንት በፊት በመብራቱ ሥር ይዘራል፣ ከእናቶች ቀን በኋላ፣ በሜይ አጋማሽ፣ ውርጩ ሲያልፍ ወደ በረንዳ ይወጣል። በአንድ ጊዜ አውጥታችሁ አትተዉት፤ ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ጥላ ሥር እያቆያችሁ አስለምዱት፤ አለበለዚያ ፀሐይዋ ቅጠሉን ታነጣዋለች። በረንዳ የሌላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ፓርክስ የሚያከራያቸው የማኅበረሰብ እርሻ ቦታዎች አሉ፤ አሌክሳንድሪያም ቺንካፒን ላይ አለ። ወረፋ ስላለው በረዶው ሳይቀልጥ ተመዝገቡ። ጎመኑን እዚያ ትተክሉታላችሁ፣ እንደልቡ ይስፋ።

በበሩ በኩል ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ ፖስታዎች አሉ፤ የበሶብላና የጤና አዳም ዘር ነው፣ ከዚሁ አገር የተለቀመ። ለአንድ ቤት አንድ አንድ ፖስታ ውሰዱ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከአሌክሳንድሪያ ከመጡት እንጀምር፣ መንገድ አለባቸው።